«በቁርጠት» ብለን የጻፍነው ሞት



በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ አንዱ ስለ አገር ታሪክ፣ ሌላው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ሌላው ስለ ቁጠባ ሲጽፍ ቆይቷል። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደርሶ «ምን እንጻፍ?» እያልን ስናወጣ ስናወርድ ሰነበትን። በመጨረሻ ዐይናችን ያረፈው በሣጥናችን ውስጥ በተቀመጠ አሮጌ መዝገብ ላይ ነው። በወጣትነታችን የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆነን ስንሠራ ለምንኖርበት መንደር ቅሬም ጸሐፊ ነበርን። መዝገቡን የጻፍነው በዚያን ጊዜ በገዛ እጃችን ነው።

መዝገቡ አራት ዓምድ አለው። የሟች ስም፣ ያረፈበት ቀን፣ ለሐዘንተኛው የተሰጠው ገንዘብና እህል፣ በመጨረሻም «ምክንያት» የሚል። በዚህ በመጨረሻው ዓምድ ሥር ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው። «በወባ»፣ «በወሊድ»፣ «በእርጅና»፣ «ገደል ገብቶ» ይላል። ከእነዚህ መካከል ደግሞ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ እሱም «በቁርጠት» የሚል ነው። ትናንት ሲያርስ የዋለ ጎልማሳ «በቁርጠት»። ገበያ ደርሳ የመጣች እናት «በቁርጠት»። ሠርጉ የተቆረጠ ጎረምሳ «በቁርጠት»።

ዛሬ ሲነበብ ያ ቃል ያሳፍረናል። ቁርጠት የበሽታ ጩኸት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ቤት ሲቃጠል የጎረቤት ጩኸት ሰምቶ «ቤቱ በጩኸት ጠፋ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ጨጓራቸው ወይም አንጀታቸው ተበስቶ እንደ ሞቱ ዛሬ እንገምታለን። ይህ ጽሑፍም ስለዚሁ ስለ ጨጓራና አንጀት መበሳት፣ የሰው ልጅም ይህን ሞት ለማሸነፍ ስለ ሄደበት መንገድ፣ እኛም በቃሬዛችን ስላለብን ድርሻ የሚናገር ነው። ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የምናውቀውን ያወቅነው በማንበብ፣ የጤና ባለሙያዎችን በመጠየቅና አንድ ጊዜም በመሳሳት ነው።

በወንዙ ዳር የሆነው

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቀው በዚያ መንደር «አያ» እያልን የምንጠራቸው ጎረቤት ነበሩን። ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት አይበልጥም፤ አራሽም ሸማኔም ነበሩ። ልጆቻቸው ስላሉ ስማቸውን እዚህ አናነሣም። አያ ለብዙ ዓመት «ልቤን ያቃጥለኛል» ይሉ ነበር። ሲብስባቸው ተልባ ወይም አብሽ ይጠጣሉ፤ ሲሻላቸው ይረሱታል።

አንድ ማታ እራት ቀርቦ ሳለ በጦር እንደ ተወጋ ሰው ድንገት ጮኹ። የያዛቸው ከእምብርት በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጩኸታቸው ቆመ። ጉልበታቸውን አጥፈው በጎናቸው ተኙ፤ አይገላበጡም፤ አይንፈራገጡም፤ ትንፋሻቸውን እንኳ ቀስ እያሉ ነው የሚስቡት። ሆዳቸውን ስንዳስስ እንደ ሳንቃ ደርቋል። «ትከሻዬንም ያመኛል» ሲሉ «ሆድና ትከሻ ደግሞ ምን አገናኘው?» ብለን ተገረምን።

እንግዲህ መንደርተኛው ሁሉ የሚያውቀውን አመጣ። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ መጣ። አንዷ ፌጦ በጠበጠች። አንዱ አረቄ ይቅመሱ አለ። አንዱ ቅቤ ይዞ ሆዳቸውን ያሽ ጀመር። ሁሉም በፍቅር ያደረገው ነው። ሆኖም ለዚያ ሆድ የሚጠቅም አንድም አልነበረበትም፤ እንዲያውም የሚጠጣውም የሚታሸውም ጉዳት ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የቅሬው ዳኛ «ይሄ ነገር አላማረኝም፤ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው» አሉ። የቅሬው ቃሬዛ ወጣ። ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ በዝናብና በጭቃ ሄድን፤ እኛ ፋኖስ ይዘን ከፊት ነበርን። ሊነጋጋ ሲል ወንዙ ዳር ደረስን። ወንዙ ሞልቶ ይወርዳል። አያ በዚህ ጊዜ ዐይናቸውን ገለጡና «ልጆቼ፣ ተሻለኝ እኮ፤ በዚህ ዝናብ በእኔ ምክንያት ውኃ አይውሰዳችሁ» አሉ። በእርግጥም ላባቸው ደርቋል፤ ፊታቸውም ፈታ ብሏል። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ፊደል የቆጠርነው እኛ ነንና «አንተ ጸሐፊ፣ ምን ትላለህ?» ብለው ወደ እኛ ዞሩ።

እኛም «ከተሻላቸውማ እንመለስ፤ ወንዙ ሲጎድል እንወስዳቸዋለን» አልን።

ተመለስን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ያዛቸው። ማታ ሆዳቸው ተነፋ፤ እጅ እግራቸው ቀዘቀዘ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ወንዙ ዳር አድርሶ በመለሳቸው በዚያው ቃሬዛ ወደ መቃብራቸው ወሰድናቸው። ማታ መዝገቡን አወጣን፤ በምክንያት ዓምድ ሥርም «በቁርጠት» ብለን ጻፍን።

ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል?

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ለአንድ ጤና መኮንን ይህንኑ ታሪክ ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና «ጨጓራቸው ተበስቶ ነበር ማለት ነው» አለን። ያስረዳንም እንዲህ ነው።

ጨጓራ ምግብን የሚፈጭ ኃይለኛ አሲድ አለው። በጨጓራ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ላይ የቆየ ቁስል ሲኖር፣ ቁስሉ እየጠለቀ ሄዶ አንድ ቀን ግድግዳውን ይበሳዋል። በዚያን ጊዜ አሲዱ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ሆድ ውስጡ የተቃጠለ ያህል ነው። ሰውየው የማይንቀሳቀሰው ስለዚህ ነው፤ መንቀሳቀስ ያመዋልና። ተራ ቁርጠት የያዘው ሰው ይንፈራገጣል፤ ጨጓራው የተበሳ ግን ድርቅ ብሎ ይተኛል። የፈሰሰውም ነገር ደረትንና ሆድን የሚለየውን ሥጋ ሲነካው ሕመሙ በትከሻ በኩል ይሰማል።

እኛን ያሳሳተን ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጥቂት ሰዓቶች ካለፉ በኋላ ሰውነት ወደ ሆድ ብዙ ውኃ ያመነጫል፤ አሲዱ ይቀጥናል፤ ሕመሙም ለጊዜው ይለዝባል። ሕመምተኛው ከልቡ «ተሻለኝ» ይላል፤ አይዋሽም። ነገር ግን በዚያችው ሰዓት ተሐዋስያን በሆድ ዕቃው ውስጥ እየተራቡ ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ያ ፋታ ለመንገድ የተሰጠ ጊዜ ነበር፤ እኛ ግን መመለሻ አደረግነው።

አንጀት የሚበሳው በጨጓራ ቁስል ብቻ አይደለም። የአንጀት ተስቦ፣ ማለትም ታይፎይድ፣ ሳይታከም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳምንት ሲይዝ ቀጭኑን አንጀት ሊበሳው ይችላል። ትርፍ አንጀት ቆስሎ ሲቆይ ይፈነዳል። በእኛ በደጋው አገር ደግሞ ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ የመታነቅ ነገር አለ፤ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ሰገራም ፈስም ይቆማል፤ ካልተፈታ አንጀቱ በስብሶ ይቀደዳል። የበሬ ቀንድ፣ የበቅሎ እርግጫ፣ ጩቤና ጥይትም አሉ። መነሻቸው ይለያይ እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነና ሆድ ዕቃው ካልታጠበ ሰው በአብዛኛው አይተርፍም።

ከመቅደላ ዘመን ጀምሮ

ይህን ሞት የማያውቅ ዘመን የለም። የሚያድነው ሕክምና ግን ዕድሜው ገና አጭር ነው። ለዚህም ከራሳችን አምባ ብንጀምር ይሻላል።

ዶክተር ሔንሪ ብላንክ የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም፣ እስረኞችን ለማስፈታት ከተላከው ከራሳም ጋር መጥቶ፣ እሱም ከ1858 እስከ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ ታስሮ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን የአውሮፓን ሕክምና የተማረ ሐኪም በመቅደላ ላይ ነበረ ማለት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወገን ወደ 700 ሰው እንደ ሞተና ከዚያ የሚበልጥ እንደ ቆሰለ እንግሊዞች ጽፈዋል። ከሦስት ቀን በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በአምባው ላይ በገዛ እጃቸው አረፉ። ሆዱን በጥይት ለተመታ ሰው ግን፣ ሐበሻም ይሁን እንግሊዝ፣ በዚያ ዘመን አንድም ሐኪም ሊያደርግለት የሚችለው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ብላንክ እስር ላይ በነበረበት በእ.ኤ.አ. 1867 ነው ጆሴፍ ሊስተር የሚባለው የእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም ቁስልን በመድኃኒት ከምርቀዛ መጠበቅ እንደሚቻል ጽፎ ያሳተመው። ማደንዘዣ ኤተር በአሜሪካ በሰው ፊት ከታየ (እ.ኤ.አ. 1846) ገና ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። ማደንዘዣ ከሌለ ሆድ አይከፈትም፤ ንጽሕና ከሌለ ደግሞ የተከፈተ ሆድ አይድንም።

ሁለቱ ከተገኙ በኋላ ሐኪሞች መድፈር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚኩሊች የተባለ ቀዶ ሐኪም የተበሳ ጨጓራ ሰፋ፤ ሕመምተኛው ግን ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን አገር ሆይስነር የሰፋው ሰው ዳነ። ከዚያ በኋላ በእ.ኤ.አ. 1937 ግራም የተባለ የካናዳ ቀዶ ሐኪም የጻፈው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህን ዘዴ ስንሰማ እኛ ተገርመናል፤ ምክንያቱም ቀዳዳው የሚደፈነው በሞራ ነው! በግ ስናርድ በአንጀቱ ላይ ተዘርግቶ የምናየው ስብ በሰውም ሆድ ውስጥ አለ። ሐኪሙ ከዚያው ከሕመምተኛው ሞራ ስቦ በቀዳዳው ላይ ያስረዋል። በአገራችን ሞራ ገላጭ ሞራውን አይቶ ዕጣ ይናገር ነበር። የሰው ዕጣ በእርግጥ በሞራ ላይ ሊሆን እንደሚችል ማን አሰበ?

በዓድዋው ዓመት በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ ኤክስሬይን አገኘ። ጨጓራው የተበሳ ሰው ቆሞ በኤክስሬይ ሲታይ፣ ያመለጠው አየር ከጉበት በላይ እንደ ጥቁር ማጭድ ሆኖ ይታያል። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ከጎረቤታችን ከወረ ኢሉ ላይ ጦራቸውን አሰባስበው ዘመቱ። ከድሉ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ለማከም አዲስ አበባ ገቡ። በአገራችን የዘመናዊ ሆስፒታል አጀማመርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናንሣ። ቢላውና ማደንዘዣው ከተገኘ በኋላም በጦር ሜዳ ሆዱን የተመታ ወታደር ይሞት ነበር። እንግሊዞች በደቡብ አፍሪካ ሲዋጉ (እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902) ሆዱን የቆሰለውን መቅደድ ከመተው አይሻልም ብለው እስከ መደምደም ደርሰው ነበር። ለምን? ቁስለኛው ወደ ሐኪሙ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለ ነበር ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሩሲያና በጃፓን ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1905) ቬራ ጌድሮይትስ የተባለች ሩሲያዊት ቀዶ ሐኪም በባቡር ላይ ወደ ግንባሩ ተጠግታ፣ ሆዳቸውን የቆሰሉትን በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየቀደደች ብዙዎችን አዳነች። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ሌሎቹ አገሮች ይህንኑ ተከተሉ። ቢላው ያው ነው፤ የተለወጠው ርቀቱና ሰዓቱ ነው። ዴንማርኮችም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨጓራው የተበሳ ሰው ሆስፒታል ደርሶም ቀዶ ሕክምናው በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት የመትረፍ ዕድሉ በ2.4 በመቶ እንደሚቀንስ አስልተዋል። በሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በወንዝ ዳር የባከነው ሌሊት ምን ያህል ይሆን?

የጨጓራ ቁስል መነሻውም ቢሆን የታወቀው በቅርቡ ነው። ድሮ «ከሐሳብና ከበርበሬ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ማርሻልና ዋረን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች በጨጓራ ውስጥ የምትኖር ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የምትባል ተሐዋሲ ናት ብለው ተነሡ። የሚያምናቸው ቢጠፋ ማርሻል ተሐዋሲዋን ራሱ ጠጥቶ ታመመና አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ስለዚህ የአያ የብዙ ዓመት ማቃጠል ዛሬ ቢሆን በክኒን የሚድን ነበር። ሁለተኛው መነሻ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ።

ሕክምናው ወደ እኛ ሲቀርብ

በወሎ ምድር ሕክምና የመጣው በብዙ ፈተና ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ በከተማው የነበረው የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ከተመቱት አንዱ ነበር። በቅርቡም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ እንደ ነበር ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። 

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1950ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ደግሞ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ በኤድንብራ ቀዶ ሕክምና የተማሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቀዶ ሐኪም የሚባል ሰው ለረጅም ጊዜ በትልልቅ ከተሞች ብቻ የሚገኝ ነበር። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ በኩል የዓባይ በረሃ፣ በዚያ በኩል ብርዳሙ ደጋ ነው። አንጀቱ ለተበሳ ሰው ይህ ሁሉ መንገድ ማለት ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። አያን በዚያች ሌሊት ወንዙን አሻግረናቸው ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ይድኑ ነበር ብለን አንምልም። ያ መንገድ ገና ከፊታቸው ነበረና። ነገር ግን ዕድሉን የከለከልናቸው እኛ ነን።

ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች መላክ ጀመረ። ቬራ ጌድሮይትስ በባቡር እንዳደረገችው ይህም ቢላውን ወደ ሕመምተኛው ማቅረብ ነው። መካነ ሰላምም ሆስፒታል አገኘች። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበረሰብ ጤና መድን በአገራችን በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነዚያ አንዱ የዚሁ የደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። ዛሬ ደብተሩን የያዘ ሰው በሬ ሳይሸጥ ይታከማል። ስለሆነም በ1979 ዓ.ም. «የት ልንወስዳቸው?» ማለት ይቻል ነበር፤ ዛሬ ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ቃሬዛ

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ የዚሁ የእድራችን አባል ልጅ የሆነ ጎረምሳ አጨዳ ሊያግዝ ወደ አያቶቹ መንደር ወረደ። በከተማ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ወገቡን ያመው ስለ ነበር ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ እየገዛ ለወራት በባዶ ሆዱ ይውጥ ነበር። አንድ ማታ እዚያው አውድማ ላይ እንደ ተወጋ ሰው ጮኸና ወደቀ። አጎቱ ወደ እኛ ስልክ ደወለ፤ «እንዲያው ምች ይሆን እንዴ?» አለን።

«ይንፈራገጣል ወይስ ድርቅ ብሎ ተኝቷል?» ብለን ጠየቅን።

«ኧረ አይነቃነቅም» አለ።

«ሆዱን ንካው እስቲ።»

«እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ ጋሼ።»

ሰውነታችን ተንቀጠቀጠ። «ጠብታ ውኃ እንኳ አትስጡት፤ አትሹት፤ ቃሬዛ አውጡና አሁኑኑ ተነሡ» አልን። የመንደሩ ቅሬ ጡሩንባ ተነፋ፤ ሰው «ማን ሞተ?» እያለ ወጣ። ማንም አልሞተም ነበር። ከዚህ ከከተማ ደግሞ የእድራችን ወጣቶች አምቡላንስ ይዘው መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ሄደው ጠበቁ።

ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያው አጎቱ ነው። «ጋሼ፣ ተሻለኝ ይላል ልጁ። ላቡም ደርቋል። ሰውም ደክሟል፤ እዚህ ዘመድ ቤት አሳድረነው ጧት ብንቀጥልስ?»

እንግዲህ ከሠላሳ አንድ ዓመት በላይ ያ ጥያቄ በዐይነ ኅሊናችን ሲመላለስ ኖሯል። «አትመለሱ! ተሻለኝ ካለማ ይበልጥ ፍጠኑ!» ብለን ጮኽን። ባለቤታችን ሌባ የገባ መስሏት ከእንቅልፏ ተነሣች።

አልተመለሱም። አምቡላንሱ ጋ ደረሱ። ሳይነጋ ሆስፒታል ገባ፤ በአፍንጫው ቱቦ ገባለት፤ ግሉኮስና የተሐዋስያን መድኃኒት ተሰጠው፤ ሆዱ ተከፍቶ ታጠበ፤ ቀዳዳው በገዛ ሞራው ተደፈነ። ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። በስብሰባችን ላይ ወንበር የሚደረድረውና ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ቅሬያችን የተቋቋመው ሰው በክብር እንዲቀበር ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቃሬዛ ሲሸካከም የኖረው ለዚህ ነው፤ ይህንንም አንተውም። ይሁን እንጂ ቃሬዛ ሁለት መንገድ ያውቃል፤ አንዱ ወደ መቃብር፣ ሌላው ወደ ሐኪም። ትከሻው ያው፣ ሰዉም ያው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ቢወሰን መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፤ ጡሩንባው ለሞተ ሰው ብቻ ሳይሆን ድንገት ለታመመም ይነፋ፤ ግራ እንዳያጋባም አነፋፉ ይለይ።

ሁለተኛ፤ ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዘው፣ ሆዱ የደረቀ፣ የማይነቃነቅ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ሰገራና ፈስ የቆመበት፣ ወይም በታይፎይድ ሰንብቶ ድንገት ሆዱ የባሰበት ሰው ሲገኝ «እስኪነጋ» አይባል። ከዘበኛችን ቤት ቃሬዛውን ለማውጣት የማንም ፈቃድ አይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ምግብም መጠጥም፣ አረቄም ኮሶም አይሰጠው፤ ሆዱም አይታሽ። ጸሎትና ዱዓ አይከለከልም፤ ግን መንገድ ላይ እየሄዱ ይደረግ።

አራተኛ፤ ለቀብር ከምናስቀምጠው ገንዘብ ጥቂቱ ለመኪና ኪራይና ለነዳጅ ይለይ። ሰው ከሞተ በኋላ ከምናወጣው ወጪ ይህ ያንሳል። የጤና መድን ያላደሰ አባልም ይበረታታ፤ ለደካሞቹ እድሩ ይክፈልላቸው።

አምስተኛ፤ በመንገድ ላይ «ተሻለኝ» የሚል ሕመምተኛ አይመለስ። ይህን አንዱን ብቻ ብትቀበሉን እንኳ ደስ ይለናል።

መዝገቡን ይህን ጽሑፍ ልንጀምር ስንል ከሣጥን አውጥተን የአያን መሥመር ፈለግን። የቀለሙ ሰማያዊነት ደብዝዟል። «በቁርጠት» የሚለውን አልሰረዝነውም፤ መዝገብ አይሰረዝም። ከጎኑ ግን በአሁኑ እስክሪብቶ «ጨጓራቸው ተበስቶ፤ ከወንዝ ዳር ተመልሰው» ብለን ጨመርንበት። ከሥሩም ስማችንን ፈረምን።

እግዚአብሔርም አላህም ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን ይጠብቀን። ለከርሞው ቸር ያገናኘን።